ወንበሬ ስር እጁን የሰደደው ሰው

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ዘመን ነው። አዳማ፣ ያኔ ናዝሬት በምንላት ከተማ እየኖርኩ የመንግሥት የጭነት መኪና እነዳ ነበር። አሁን ጡረታ ከወጣሁም ቆይቻለሁ። በሥራ ዘመኔ ጎማ ፈንድቶብኝ፣ ፍሬን እምቢ ብሎኝ ያውቃል። እነዚያን ሁሉ እየሳቅሁ አወራቸዋለሁ። ይህን ግን ለልጆቼ እንኳ በሙሉ ተናግሬው አላውቅም።

ዘመኑን ለማያውቁ ትንሽ ልበል። ያኔ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ለመሄድ ከቀበሌ መሸኛ ወረቀት ያስፈልጋል። በየኬላው ፍተሻ አለ። ሹፌር ብዙ አገር ያያል፣ ብዙ ሰው ያገኛል፣ ስለዚህ ይጠረጠራል። እኛም እርስ በርሳችን አንተማመንም ነበር። ሻይ ቤት ውስጥ አጠገባችን ሰው መጥቶ ሲቀመጥ ወሬያችንን ስለ ጎማ እናደርገዋለን።

እኔ የምፈራበት የራሴ ምክንያትም ነበረኝ። እኔና ባለቤቴ ያኔ «ጴንጤ» እየተባልን የምንሰደድ ሰዎች ነበርን። የጸሎት ቤታችን ታሽጎ በየሰው ቤት እየተደበቅን እንሰበሰባለን። ሻሸመኔ ላሉ ወገኖቻችን በእጅ የተገለበጡ የመዝሙር ደብተሮችና ጥቂት አዲስ ኪዳኖች የማደርሰው እኔ ነኝ። መኪናዬ ኤን ትሬ የሚባለው የጣሊያን ፊያት ነበር፤ ተሳቢ ይጎትታል። ጋቢናው ውስጥ ከተሳፋሪው ወንበር ስር ከወለሉ ጋር የተበየደ ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን አለ። መኪናውን ስረከብ አብሮ የመጣ ነው። ጎንበስ ብሎ በእጁ ካልፈለገው በቀር ማንም አያየውም። መጻሕፍቱን እዚያ እደብቃለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ማዳበሪያ ጭኜ ወደ ሻሸመኔ ልነሳ ስል የስምሪት ኃላፊያችን አንድ ሰው ይዞ መጣ።

«ይኼን ሰውዬ ሻሸመኔ ታደርሰዋለህ» አለኝ።

ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁም። ሰውዬው በአርባዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ፣ ኮት የለበሰ፣ ፂሙን የተላጨ ነው። ዓይኖቹ ግን ደም መስለዋል። ሌሊቱን ሰው ሲመረምር ያደረ ሰው ዓይን ይህን ይመስላል ብዬ አሰብኩ።

ከግቢው ስወጣ ዘበኛችን ጋሽ ዋቆ በሩን እየከፈቱ ወደ መስኮቴ ቀረብ አሉ።

«ሰውዬው ከትናንት ጀምሮ ሲመላለስ ነበር» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በሌላ መኪና ሂድ ቢሉት እምቢ አለ። ያንተን ነው የመረጠው። ተጠንቀቅ፣ ልጄ።»

ከዚያ በኋላ መንገዱ አልታየኝም ማለት እችላለሁ።

ሰውዬው ከመሳፈሩ በፊት በሩን በአውራ ጣቱ ሲዳስስ፣ ቀለሙን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ ሲያደርግ አይቼዋለሁ። ሞጆን አልፈን ወደ ቆቃ ስንታጠፍ መጠየቅ ጀመረ።

«መኪናዋን ከያዝካት ቆየህ?»

«ብዙም አልቆየሁ።»

«ከአንተ በፊት ማን ይነዳት ነበር?»

«አላውቅም ጋሼ። እኛ የተሰጠንን ነው የምንነዳ።»

«ድሮ ሰማያዊ ነበረች መሰለኝ።»

«እኔ እንዲህ እንዳለች ነው ያገኘኋት።»

ከኮቱ ኪስ ትንሽ ደብተር አወጣና በእርሳስ አንድ ነገር ጻፈ። ከዚያ ደብተሩን መለሰ። ዓለም ጤና ስንደርስ ሴቶች ሽንኩርት ይዘው መስኮቱን አንኳኩ፤ ሌላ ቀን ወርጄ አወራቸው ነበር። ያን ቀን ቀና ብዬም አላየኋቸው።

መቂ መግቢያ ላይ ኬላ ነበር። ወረቀቴን ሳሳይ ሰውዬው ሳይጠየቅ ወረደ። አንዱን ፈታሽ ወደ ጥላው ወስዶ በኦሮምኛ ያወራው ጀመር። ኦሮምኛ እሰማለሁ፣ ግን ሩቅ ናቸው። ሁለት ጊዜ ብቻ «መኪና» የሚል ቃል ደረሰኝ። ፈታሹ ወደ መኪናዬ ዞር ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። ሰውዬው ተመልሶ ገባ። ጋቢናውን ሳይፈትሹ አሳለፉን። ከመፈተሻቸው ይልቅ አለመፈተሻቸው አስፈራኝ።

ዝዋይን አልፈን ሐይቁ በግራችን መታየት ሲጀምር ሰውዬው የጫማውን ማሰሪያ እንደሚያስር ሰው ጎንበስ አለ። መንገዱን እያየሁ በዓይኔ ጠርዝ ተከታተልኩት። እጁን ወንበሩ ስር ሰደደ። እስከ ክርኑ ገባ። ጣቶቹ ብረቱ ላይ ሲሄዱ፣ ጠርዙን ተከትለው ወዲያና ወዲህ ሲሉ ይሰማኛል። ከዚያ ክዳኑ ትንሽ ከፈት ብሎ ተመልሶ ሲዘጋ ሰማሁት።

ቀና አለ። ፊቱ ተለውጧል።

ልጆቼን አሰብኩ፣ ባለቤቴን አሰብኩ። ሻሸመኔ ላይ የሚጠብቁኝን ሰዎች ደግሞ በስም በስማቸው አሰብኳቸው፤ ሲገርፉኝ የማንን ስም ቀድሜ እጠራ ይሆን ብዬ።

አዳሚ ቱሉ ስንደርስ መኪናውን ከመንገድ አወጣሁና ሞተሩን ሳላጠፋ፣ «ጋሼ፣ መኪናዋ ሞቃለች። እኔ ሞተሩን ልይ፣ እርስዎ ከዚያ ማዶ ካለው የውሃ ጉድጓድ በጀሪካን ውሃ ያምጡልኝ» አልኩት።

ጊዜው እኩለ ቀን ገደማ ነው፤ ይሞቃል። ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ተወና ጀሪካኑን ይዞ ሄደ። ከግራሮቹ ጀርባ እስኪሰወር ጠበቅሁ። ከዚያ ማርሽ አስገብቼ ነዳሁ።

ያን ያህል ጭነት ይዤ እንደዚያ ፈጥኜ አላውቅም። በመስታወቱ ወደ ኋላ አያለሁ፣ የሚከተለኝ የለም። ቡልቡላ ልደርስ ስል ኮቱ ትዝ አለኝ። የደኅንነት ሰው ኮት ጋቢናዬ ውስጥ መገኘት የለበትም። ልወረውረው ቆምኩ። ከመወርወሬ በፊት ደብተሩን ከኪሱ አወጣሁ።

የመጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ የመኪና ታርጋ ቁጥሮች ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ አጠገብ ቦታ ተጽፏል፦ ደራ፣ አሰላ፣ መተሐራ፣ አዋሳ። ሁሉም ተሰርዘዋል። መጨረሻ ላይ ሳይሰረዝ የቀረው የኔ ታርጋ ነው። ገጹን ገለጥኩ። ወደ ኋላ ገጾቹ አካባቢ አንድ ሥዕል አለ። ጠፍጣፋ ሳጥን፣ ከነክዳኑ። መደበቂያዬ።

አለቀልኝ አልኩ። በአንድ ጊዜ ዳስሶ እንዴት እንደዚህ አድርጎ ሣለው?

ቆይቶ ነው ወረቀቱን ልብ ያልኩት። ወይቧል። የእርሳሱ ጽሑፍ በእጅ ቅባት ደብዝዟል። ጎን ለጎን በሴንቲሜትር ልኬት ተጽፎበታል፤ ከሥሩ ደግሞ «ለግርማ። ወንበር ስር የሚገባ። ክዳኑ ወደ ኋላ የሚከፈት» ይላል። የቀጣዩ ገጽ ሥዕል የመስኮት ፍርግርግ ነው። ከዚያ የአልጋ፣ ከዚያ የአጥር በር። የበያጅ ደብተር ነበር። የዓይኑ መቅላት ከብየዳ እሳት መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ሳጥኑን የሠራው ይህ ሰው ነው። ግርማ የተባለው ደግሞ ከእኔ በፊት መኪናውን ይነዳ የነበረ ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ከእኔ በፊት ማን እንደነዳት አላውቅም ያልኩት እውነት ነው፣ ግን ሙሉ እውነት አልነበረም። መኪናዋን የተረከብኩት ሻሸመኔ ውስጥ በቆርቆሮና በሽቦ ከታጠረ አንድ ግቢ ነው። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ብዙ ሰዎች ሲያስሉ ሰምቻለሁ። ጋቢናው ውስጥ የሹፌር ጃኬት ተሰቅሎ ነበር። የማን ነው ብዬ ብጠይቅ ያስረከበኝ ወታደር «የማንም አይደለም» አለኝ። እኔም ዳግመኛ አልጠየቅሁም። ጃኬቱን ክረምቱን ሙሉ የለበስኩት እኔ ነኝ።

ተሳቢ ይዞ መዞር እንደ ትንሽ መኪና አይደለም። ሰፊ ቦታ እስካገኝ ወደ ፊት መንዳት ነበረብኝ። ዞሬ ስመለስ አዳሚ ቱሉ ከመድረሴ በፊት አገኘሁት። በመንገዱ ዳር ወደ እኔ አቅጣጫ በእግሩ እየመጣ ነው። ጀሪካኑን ትከሻው ላይ ተሸክሟል። ውሃው ሙሉ ነው፤ ሸሚዙ በስብሷል።

ወረድኩ።

«ውሃውን አምጥቻለሁ» አለኝ። ከዚያ ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠና፣ «ወንድሜን ገድላችሁታል?» ሲል ጠየቀኝ።

ድምፁን ከፍ አላደረገም። እንደዚያ ብሎ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።

«እኔ ሹፌር ነኝ ጋሼ» አልኩት። «የእነሱ ሰው አይደለሁም። እርስዎ ነዎት የመሰሉኝ።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። ስሙ ተሾመ ነው። ግርማ ታናሽ ወንድሙ ነው። መሸኛ የሌላቸው ሰዎች ጭነሃል ተብሎ መንገድ ላይ እንደተያዘ በጭምጭምታ ሰምተዋል፣ የት እንደገባ ግን የሚነግራቸው ጠፋ። የመኪናዋ ባለቤት ራሱ ሸሽቷል። በየጣቢያው ቢጠይቁ እየተባረሩ ተመለሱ። ስለዚህ ተሾመ ወንድሙን ትቶ መኪናዋን መፈለግ ጀመረ። ታርጋና ቀለም ይለወጣል፤ ብየዳውን ግን የትም ቢያገኘው በጣቱ ያውቀዋል። የስምሪት ኃላፊያችንን የቤት በር ሠርቶ እንደ ውለታ የጠየቀው በእኔ መኪና መሳፈርን ብቻ ነው።

«ኬላው ላይስ?» አልኩት።

«ያገሬ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ሰማያዊ መኪና ሲያልፍ አይተህ ታውቃለህ ወይ አልኩት። አላየሁም አለኝ።»

ቀጠለና፣ «ሳጥኑ ውስጥ መጻሕፍት አሉ» አለ። «የግርማ መስለውኝ ደነገጥኩ። ግርማ ማንበብ አይወድም።»

ስለዚያ ግቢ፣ ስለ ሳሉ፣ ስለ ጃኬቱም ነገርኩት። ስለ ጃኬቱ ስነግረው ብቻ ፊቱን አዞረ።

ሻሸመኔ የደረስነው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ገና ሳትበርድ ነው። ማዳበሪያውን ሳላራግፍ ቀጥታ ወደ ግቢው ሰፈር ሄድን። መኪናዬን ራቅ አድርጌ አቆምኩ። ባለቤቴ የቋጠረችልኝ ምሳ ዕቃ እንዳለ ነበር፤ ምሳ መብላት የት ትዝ ብሎኝ። ለተሾመ ሰጠሁት። የወንድሙን ሙሉ ስም በወረቀት ጽፎ ከላዩ አደረገና ወደ በሩ ሄደ። እኔ ከመኪናው አልወረድኩም። እፈራ ነበርና አልወረድኩም።

በሩ ላይ የቆመው ወታደር ወረቀቱን አየ። «እንዲህ የሚባል የለም» ብሎ ቢመልሰው ግርማ እዚያ አልታሰረም ማለት ነው። እያንዳንዱ የእስረኛ ቤተሰብ የሚያውቀው ግን ሌላም መልስ ነበር፤ «ሁለተኛ ምግብ አታምጡ» ከተባለ ሰውዬው በሕይወት የለም ማለት ነው። ወታደሩ ምንም አላለም። ምሳ ዕቃውን ይዞ ገባ።

ተሾመ ቆመ። እኔ ከሩቅ ጀርባውን ነው የማየው። ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፣ ለእኔ ግን ከናዝሬት ሻሸመኔ ካለው መንገድ ይልቅ ይረዝማል።

ወታደሩ ተመልሶ ወጣ። ምሳ ዕቃው ባዶ ነበር። ለተሾመ ሲሰጠው አንድ ነገር ነገረው። ተሾመ እዚያው መሬት ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ወድቆ መስሎኝ በሩን ከፈትኩ። ግን አልወደቀም። ጫማውን እያወለቀ ነበር። ካልሲዎቹን አውልቆ አጠፋቸውና ለወታደሩ በሁለት እጁ ሰጠው።

ተመልሶ ጋቢና ሲገባ ያለ ካልሲ ነው።

«ምን አለህ?» አልኩት። አንቱታውም ጠፋኝ።

«ካልሲ ይምጣልኝ ብሏል» አለ። «ይበርደዋል።»

ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰው።

ግርማ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ተፈታ። አንድ ቀን ከተሾመ ጋር ወደ ግቢያችን መጣ። ቀጭን፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነው። ጃኬቱን አጥቤ አስቀምጬለት ነበር፣ ሰጠሁት። መኪናዋን ዞሮ አያት፣ በሩን በእጁ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ወደ እኔ መጣና እጄን ያዘኝ።

«ወንድሜ ሁሉንም ነግሮኛል» አለኝ። «አዳሚ ቱሉ ላይ ውሃ ሊቀዳ ሄዶ ሲዘገይ ጠብቀኸዋል። ሌላ ሹፌር ቢሆን ጥሎት ይሄድ ነበር።»

ተሾመን አየሁት። ወደ መኪናዋ ጎማ እያየ ነበር።

«ምን ማለትህ ነው» አልኩ። እሱ ትሕትና መሰለው፤ እኔም አላረምኩትም።

ሁለቱም ዛሬ የሉም። ተሾመ እንደዚያ ያለው ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ለእኔ አዝኖ ይሆናል። ወይም ለወንድሙ ያን ሁሉ ክፉ ነገር ካየ በኋላ አንድ ደግ ሰው ሊሰጠው ፈልጎ ይሆናል። የግርማ ልጆች እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ጎንበስ ብለው ነው ሰላም የሚሉኝ። በዚያ ዘመን ሰውን አለመጠርጠር ከባድ ነበር፤ በመጠርጠሬ ብዙም አላፍርም። የማፍረው የተቀበልኩትን ምስጋና እስካሁን ይዤ በመቆየቴ ነው። ይህ ጽሑፍ ለእነሱም ይደርስ ይሆናል። አባታችሁ የሰማው ልክ አይደለም፤ አጎታችሁን አልጠበቅሁትም።