ውሃ የመሰለው ወለል

ሥራ የገባሁ ቀን ጋሽ ታደሰ መጀመሪያ ያየው ጉልበቴን ነው። ክፉ አታስቡ፤ የወለል ሰው ነው፣ ሌላ ነገር አይታየውም። "ይሄ ጉልበት መንበርከክ ይችላል?" አለኝ።

"ከሶላት በቀር ለማንም ተንበርክኬ አላውቅም። ክፍያው ደህና ከሆነ ግን እሞክራለሁ" አልኩት። ሳቀና የመስታወት ስባሪ ሰጠኝ።

ያኔ ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አሶሳ ላይ ቢሮው ይሠራል፣ የሹሙ ቤት ይሠራል። ከወሎ በሰፈራ መጥተን እርሻ ላይ ወገባችን የተቆረጠው ሁሉ ከተማ ገብተን ሥራ አገኘን። ጋሽ ታደሰ ዋናው አናጢ ነው፤ ከሱ በታች ጣውላ የሚልጉት፣ ከነሱ በታች ደግሞ እኔ፣ ወለል ፋቂዋ። ከኔ በታች መሬት ብቻ ነው ያለው።

ጣውላው ከተመታ በኋላ ክፍተቱን በሰጋቱራና በኮላ እንደፍናለን። ሲደርቅ በመስታወት ስባሪ መፋቅ ነው፣ እንጨቱ በሄደበት በኩል። አግድም ከፋቅሽ ጋሽ ታደሰ ይጮኽብሻል። ቀጥሎ ሻካራው ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ለስላሳው፣ አቧራውን በጨርቅ ማንሳት፣ መጨረሻ ላይ ቫርኒሹን በአኳራጅ አቅጥኖ መቀባት። ማሽን የለም ወይ ትሉኛላችሁ። ማሽኑማ እኔ ነበርኩ፤ ናፍጣ አልጠጣም እንጂ።

ዛሬ ወጣት አናጢዎች "እማማ ዘሃራ፣ ለወለል ምን እንጨት እንምረጥ?" ይሉኛል። ልጆቼ፣ እዚህ አገር እንጨት የሚመርጠው ምስጥ ነው። ባሕር ዛፍ አንጥፉለትና ምሳ የጋበዛችሁት ይመስለዋል። ዋንዛ ግን፣ ባምባሲዎች ዋደሳ የሚሉት፣ የእንጨቱ ልብ ምስጡን ይመረዋል። እንግዲህ እንጨቱን ምስጥ ይምረጥ፤ የሚቀባውን የሚመርጠው ሰው ነው፣ ጭቅጭቁም የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።

የወይዘሮ ሀሊማን ቤት ልንገራችሁ። ሀሊማ የአገሬው፣ የበርታ ልጅ ናት፣ ቢሮ ትሠራለች። እናቷ ገጠር ብቻቸውን ቀርተው ዓይናቸው ደክሟል። ወደኔ ነይ ብትላቸው "ሲሚንቶ አጥንት ይበላል" ብለው እምቢ አሉ። እሷም ቤቷ ውስጥ የሚያርፉበትን ክፍል በዋንዛ አስነጠፈች።

"ሰም ይሁን ወይስ ቫርኒሽ?" አላት ጋሽ ታደሰ።

"የሚያብረቀርቀውን! እናቴ እንደ ንግሥት ትኑርበት።"

ደጋግመን ቀባነው። ሲደርቅ ሻሽሽን አይተሽ የምታስሪበት መስታወት ሆነ።

እናትየው መጡ። አማርኛቸው ስብርብር ነው፤ ራሳቸውንም ሌላውንም፣ ሴቱንም ሁሉ እንደ ወንድ ነው የሚጠሩት። በሩ ላይ ቆመው በበትራቸው ነካ አደረጉትና ወደ ኋላ አሉ። "ይሄ ውሃ ነው።"

"እማዬ፣ እንጨት እኮ ነው!"

"እኔ ዓይን ደከመ እንጂ ሞኝ አልሆነም። ይጥለኛል።"

ሄደው ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ተቀመጡ። ቢለምኗቸው፣ ቢለምኗቸው፣ ወይ ፍንክች። ጎረቤት ቤት አደሩ። "ነገ መኪና ሲመጣ አገሬ ይሄዳል" አሉ።

ሀሊማ አለቀሰች። "አሁን ከሄደች አትመለስም። እዚያ ማን ውሃ ይቀዳላታል?" ጋሽ ታደሰ ኮፍያውን እያስተካከለ "እኛ የታዘዝነውን ሠርተናል" ብሎ ሌላ ቤት ሄደ።

በማግስቱ ሀሊማ እናቷን የሚወስደውን መኪና ልታመጣ ወጣች። እኔ ዕቃ ልሰበስብ ቀረሁ። እናትየው ማንጎው ሥር ናቸው። ተጠጋኋቸው።

"አሰላሙ አለይኩም እማማ። ይሄን ወለል ይጠሉታል አይደል?"

"በጣም።"

"እኔም ጠልቼዋለሁ" አልኩ። እንዴት እንደምወደው አላህ ነው የሚያውቀው። "ላበላሸው ነው። ያግዙኛል?"

"ሀሊማ ይቆጣል።"

"ደስ የሚለውስ የሷ መቆጣት አይደል!"

ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ።

ከበሩ ደፍ ውጭ ጎን ለጎን ተቀመጥን፣ ፊታችን ወደ ውስጥ። ብርጭቆ ወረቀት ሰጠኋቸው። ፋቅ ፋቅ ሲያደርጉ ማብረቅረቁ ነጭ ዱቄት ሆነ። በመዳፋቸው ዳበሱት። "ደረቀ" አሉ።

"ደረቀ። በሉ የደረቀው ላይ ፈቀቅ ይበሉና የፊቱን እንቀጥል።"

ፈቀቅ አልን፣ ፋቅን። ደግሞ ፈቀቅ። ዕድሜ ልካቸውን ወለል በጭቃ የለቀለቀ እጅ ነው፣ ጋሽ ታደሰ ቢያየው እኔን አባርሮ እሳቸውን ይቀጥር ነበር። ወደ ኋላ እንዳይዞሩ በወሬ ያዝኳቸው።

"የልጅዎ ባል እንዴት ነው?"

"መብላት ይችላል።"

"ሌላስ?"

"መተኛት ይችላል።"

እንዲህ እያማን በሩን ከኋላችን ትተን ወደ ውስጥ ዘለቅን። ሀሊማ ከመኪናው ወርዳ ስትገባ እናቷ ክፍሉ መሃል ቁጭ ብለዋል፣ እስከ ቅንድባቸው ዱቄት።

"እማዬ! ወለሌን!"

"ውሃውን አደረቅኩት" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው መስኮቱን አዩ፣ አልጋውን አዩ፣ በሩ የት እንደቀረ አዩ። ወደኔ ዞሩ። "አንተ ሌባ! አስገባኸኝ!"

"ሌባማ ያስወጣል እንጂ መቼ ያስገባል?" አልኳቸው።

ውጭ መኪናው ክላክስ ነፋ። "ሂድ በለው" አሉ ለልጃቸው፣ መፋቃቸውንም ቀጠሉ።

ጋሽ ታደሰ መጥቶ ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ፣ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል። የቀረውን አብረን ፋቅንና የማር ሰም በአኳራጅ አሟሙተን በጨርቅ አሸነው። ሰሙ በቃ ወይ አልበቃ የሚሉት እሳቸው ነበሩ፣ በመዳፋቸው። እዚያው ኖሩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር "እኔ ፋቀ" እያሉ ያስዳስሱት ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሚቀባውን ባለቤት ቆሞ ሲመርጥ አልሰማውም። ወለል ላይ የሚውለውን ሰው እጠራለሁ፣ ቁጭ አደርገዋለሁ፣ በእጁ ይዳብሳል። ከዚያ እቀባለሁ።