የነብሩን አጥር ማን ከፈተው

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬ፣ እዚህ ላይ ስደርስ ምላሴን ውጬ ተመልሻለሁ። ባለቤቴ አስካለ ሳትሰማው አለፈች። ልጄ ሰብለ እስከ ዛሬ አታውቅም። ለእናንተ የቀለለኝ ስለማታውቁኝ ይሆን? ልጽፈው ቁጭ እላለሁ፣ እነሣለሁ፣ በሩ ድረስ ሄጄ እመለሳለሁ። ዛሬ ግን አልነሣም።

ንጉሡ ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው መካነ ሰላም አስተማሪ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ ሰው ቤተሰቡን ይዞ የሚዝናናበት ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የግራዝማች ግቢ። ግራዝማች የአካባቢው ባላባት ናቸው፤ አውሬ ማኖር ይወዳሉ። አንድ ድኩላ፣ ጥቂት ጭላዳዎች፣ ደግሞም ገና በግልገልነቱ ከዓባይ በረሃ ተይዞ የመጣ ነብር ነበራቸው። እሑድ እሑድና በበዓል ቀን ግቢው ይከፈታል። ነጋዴውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም፣ እኛ አስተማሪዎችም ሚስትና ልጆቻችንን አስከትለን እንሄዳለን። ልጆቹ ለጭላዳዎቹ ቆሎ ይበትናሉ። ሴቶቹ ነብሩን በሩቁ ሲያዩ አንዷ ታማትባለች፣ አንዷ ቢስሚላህ ትላለች።

የአውሬዎቹ ጠባቂ ሰይድ ይባላል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቁ ቅርብ የሆነ ሰው። ደመወዙ ከግራዝማች ጎተራ የሚሰፈርለት እህል ነው። ሚስቱን ዘይነባንና ሁለት ወንዶች ልጆቹን የሚያኖረው በዚያ እህል ነበር። ሰብለ ትወደዋለች፤ ገና ከሩቅ ስታየው እጄን ለቅቃ ወደ እሱ ትሮጣለች።

ያ ዓመት ዝናቡ የከዳን ዓመት ነው። ከወግዲ በኩል ከብቱ ያለቀበት፣ ልጁን ያዘለ ሰው ወደ ከተማው መፍለስ ጀምሯል፤ የግራዝማች ደጅ ላይ ይቀመጣል። እኛ በመካከላቸው አልፈን አውሬ ልናይ እንገባለን። ይህንንም አድርጌያለሁ። ግን ይህን ብዙዎች ሆነን ነው ያደረግነው። እኔ የምናዘዘው ብቻዬን ያደረግሁትን ነው።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ እኔና ሰብለ ነብሩ ዘንድ ቆመናል። ቦታው ከጎተራው ኋላ ስለሆነ ከሌላው ሰው ይሰወራል፤ አስካለም ከሴቶቹ ጋር ጭላዳዎቹ ዘንድ ናት። ነብሩ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ነው። ከፍርግርጉ ወዲህ ደግሞ ሰው እንዳይጠጋ የእንጨት አጥር አለ፤ የአጥሩ በር በመወርወሪያ ይዘጋል። ሰይድ የዙሁር ሰላት ደረሰበትና፣

«መምህር፣ እርስዎ ካሉ አልሰጋም። ማንም ከአጥሩ እንዳያልፍ፣ አደራ!» አለኝ።

«ሂድ፣ እኔ አለሁ» አልኩት።

አደራውን የተቀበልኩ እኔ ነኝ። መወርወሪያውን የሳብኩም እኔ ነኝ። ለምን? ሰብለ «አባዬ፣ ዓይኑን ልየው» ስላለችኝ? አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ስንቱን ትላለች! ልጄ ፊት ጀግና መሆን አማረኝ እንጂ። ነብሩ የተኛ መሰለኝ። አቅፌያት ተጠጋሁ፤ እጇን ዘረጋች። እንዴት እንደተነሣ አላየሁም። ጩኸቷን ብቻ ሰማሁ።

ሰይድ ሰላቱን አቋርጦ በባዶ እግሩ መጣ። እኔ ደንዝዤ ቆሜያለሁ። ልጄን ከእጄ ተቀበለኝ፤ ጥምጣሙን ፈትቶ እጇን አሰረላት። ይህን ሲያደርግ ግራዝማች ደረሱ፤ አስካለም እየጮኸች ደረሰች።

«አጥሩን ማን ከፈተው?» አሉ ግራዝማች።

አስካለ እኔን ታያለች።

«ሰይድ ነው» አልኩ። «ላሳያት ብሎ ከፈተልን።»

ሰይድ ልጄን እንዳቀፈ ዞሮ አየኝ። «መምህር?» አለ። ደሟ እየፈሰሰ ነበርና ለመከራከር አልቆመም፤ ይዟት ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠ። እኔ የዋሸሁበት ሰው ልጄን ሊያድን ሲል ለራሱ ሳይናገር ቀረ። ይህን ስታነቡ ምን ትሉኝ ይሆን?

ሰብለ ሁለት ጣት አጣች፤ ነፍሷ ተረፈች። ቁስሏን ያከመው ድሬሰር «ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ ደሟ ያልቅ ነበር» አለን። ሰይድ ከዚያ ሲመለስ ግራዝማች አስገርፈው አባረሩት። እህሉም ቀረበት፤ በዚያ ዓመት፣ እህል በጠፋበት ዓመት።

ሰኞ ለግራዝማች እነግራቸዋለሁ አልኩ። ሰኞ ሲደርስ ቁጣቸው ይብረድ አልኩ። ቁጣቸው በረደ፤ እኔ አልተናገርኩም። አንድ ቀን ሰይድ ቤቴ መጣ። አስካለ ደጅ ላይ «ልጄን አጉድለህ ደግሞ በሬን ትረግጣለህ?» ብላ መለሰችው። እኔ ጓዳ ነበርኩ። ድምፁን ሰማሁ። «አብሽሪ እመቤት፣ እሄዳለሁ፤ ልጅቱ እንዴት ናት ልል ነው» አለ። አልወጣሁም። ከዚያ ቤተሰቡን ይዞ፣ ደሴ እርዳታ አለ ሲባል ሰምቶ፣ ከሚፈልሰው ሰው ጋር ሄደ። ያን መንገድ እንዳላይ ትምህርት ቤት የምሄደው በጓሮ በኩል ሆነ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። መሬት ላራሹ ተባለ፤ የዘመቻ ተማሪዎች ገቡ፤ የባላባቱ በደል በአደባባይ ይነገር ተባለ። ዘይነባ በዚያ ሰሞን አንድ ልጅ ብቻ ይዛ ተመለሰች። ሰይድና ታናሹ ልጅ ደሴ መጠለያው ውስጥ ሞተዋል። እኔ ዘንድ መጥታ፣

«መምህር፣ ያን ቀን እርስዎ ነበሩ። ሰይድ በሰው ልጅ የሚጫወት ሰው አልነበረም። ስሙን ይመልሱልኝ» አለችኝ።

መሰከርኩላት። ሕዝብ ፊት ቆሜ ሰይድ ንጹሕ ነው አልኩ። እስከዚህ እውነት ነው። እዚያ ላይ ብዘጋው ምን ነበረበት? ግን ሁሉም ዓይን ይጠይቀኛል፤ ታዲያ ማን ከፈተው? «ግራዝማች ናቸው» አልኩ። «በገዛ እጃቸው ከፍተው፣ ግባና ለልጅህ አሳያት አሉኝ። እምቢ ለማለት ፈራሁ፤ በኋላም እሳቸውን ፈርቼ የሰይድን ስም ጠራሁ። ሰው እየተራበ ፍየል ለነብር የሚያርዱ ሰው ናቸው!»

ሰው አጨበጨበ። ፍርሃቴን በአደባባይ የተናዘዝኩ ቆራጥ ተባልኩ። ግራዝማች እዚያው ታስረው ቆመዋል፤ ቀና ብለው «እግዜር ይይህ፣ አንተ ልጅ» አሉ። ግፍ ያልሠሩ ሰው አልነበሩም። በዚህ ነገር ግን ጥፋታቸው እኔን ማመናቸው ነው። በጭነት መኪና ወሰዷቸው፤ አልተመለሱም። አስካለ ያን ቀን ግራዝማች «ማን ከፈተው?» ብለው ሲጠይቁ በጆሮዋ ሰምታለች። ከስብሰባው በኋላ እስክትሞት ድረስ እንደ ድሮው ዓይኔን እያየች አውርታኝ አታውቅም። ሰብለማ የምታስታውሰው የነገርኳትን ነው።

ዘይነባ መሬት ተሰጣት። ትከሻዬን ስማ «ሰይድን መለሱልኝ» አለችኝ። በየመኸሩ እሸት ትልክልኝ ነበር። እበላው ነበር።

ብዙ ዓመት አለፈ። አርጅታ ታመመች፤ ልጇ «እናቴ ትፈልግዎታለች» ብሎ ወሰደኝ። መደቡ ላይ ተኝታለች። እጄን ያዘችኝ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ደብቄዎት ኖሬያለሁ። ሰይድ ሊሞት ሲል፣ ‹ዘይነባ፣ የከፈተው መምህሩ ነው፤ ሌላ ሰው አልነበረም› ብሎኝ ነበር። እርስዎ ሕዝብ ፊት ሲመሰክሩ ግን፣ እሱን ረሃቡ ነው ያናገረው አልኩ። ግን ቃሉ አልፎ አልፎ ይመጣብኛል። ያን ሁሉ ውለታ ውለውልኝ በልቤ አማዎት ነበር። ይህን ይዤ ጌታዬ ፊት እንዳልቀርብ አፉ ይበሉኝ።»

በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው፤ አፉ በሉኝ ብሎ። ልጇ በሩ ላይ ቆሟል። ትጠብቀኛለች። «እውነቱን ነው፤ ሰይድ እውነቱን ነው የነገረሽ» ማለት ስንት ቃል ነው? አፌን ከፈትኩ።

«አፉ ብዬሻለሁ» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፤ ፊቷ ላይ እፎይታ አየሁ። በሳምንቱ ቀበርናት።

ለመጀመሪያው ውሸቴ ድንጋጤ ነው ብል፣ ለሁለተኛው ዘመኑ ነው ብል፣ ምናልባት የሚያዝንልኝ አይጠፋም። ለዚህኛውስ? ማን ገረፈኝ? ማንን ፈራሁ? አንዲት ሴት ባሏን ስላመነች እኔ ይቅር አልኳት።

ስለዚህ ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ልትለኝ የምትችለዋን ሴት እኔው ይቅር ብዬ ሸኝቻታለሁ።