ጋሽ ይርጋ ጀንበር ሳትጠልቅ ይቀበሩ

በባናዬ፣ በሱፍ ብርድ ልብሴ ምክንያት ተናድጃለሁ። ጋሽ ይርጋ "ውርጩ ሳይመጣ ሠርቼ እሰጥሃለሁ" ብለውኝ፣ ይኸው ግማሹ የሽመና ዕቃቸው ላይ ተወጥሮ ቀረ። ሰው ጎረቤቱን ለሞላሌ ብርድ ጥሎ ይሄዳል?

የምቀልደው ማመን ስላቃተኝ ነው። ዛሬ ጠዋት አረፉ። ትናንት እኮ ከአጥር ማዶ "አንተ ሰነፍ፣ ገብስህን ዘንድሮ ታጭዳለህ ወይስ ለወፍ ሰጠኸው?" ሲሉኝ ነበር።

ለማታውቋቸው፦ የሠፈራችን ሸማኔ ነበሩ፣ ቤተ እስራኤል። አርብ ጀንበር ስትጠልቅ እሳት ያጠፋሉ፤ ቅዳሜ አይሠሩም፣ አይሸጡም።

መንገድ የተዘጋ ጊዜ ገበያው ሞተ። እቤታቸው የሚቆላ ገብስ እንኳ ጠፋ። ከስንት ጊዜ በኋላ አንድ ነጋዴ መጣ፤ ያውም ቅዳሜ። ያለዎትን ባና ሁሉ ልውሰድ አላቸው። "ነገ ና" አሉት። ሄደ፣ አልተመለሰም።

"ጋሽ ይርጋ፣ እግዜር እኮ ሰውየውን ልኮልዎት ነበር!" አልኳቸው።

"ቅዳሜ መና አይለቀምም።"

ሁልጊዜ የሚሏት ነገር ናት። በምድረ በዳ መናው አርብ ዕለት እጥፍ ይወርድ ነበር፤ ቅዳሜ ሊለቅም የወጣ ባዶ እጁን ተመለሰ።

"ታዲያ አርብ ለእርስዎ የወረደው እጥፍ የታለ?"

ሳቁ።

"አልወረደም። እኔም ፈርቻለሁ። መታመን ግን አለመፍራት አይደለም፤ እየፈሩ እሳቱን ማጥፋት ነው።"

ዛሬ ፈሪው እኔ ነኝ። ቀኑ አርብ ነው። እድርተኛው ሁሉ ንግሥ ላይ ነው፤ "በበዓል አይቆፈርም፣ ቀብሩ ነገ ይሁን" ብለዋል። ነገ ደግሞ ሰንበታቸው ነው። ልጃቸው ስንዱ እግሬ ላይ ወድቃ "አጎቴ፣ አባቴን በሰንበት አታስቀብሩብኝ" ትላለች። ከእኔ ከጎረቤቷ በቀር እዚህ ሰው የላትም።

ብቻዬን ጀመርኩት። መሬቱ ድንጋይ ነው፤ ጉድጓዱ ገና ጉልበቴ ጋ አልደረሰም። የዶማዬ እጀታ ተሰብሮ ሌላ ልፈልግ ቤት ገባሁ። ጀንበሯ አዘንብላለች። ቅርብ ያላችሁ፣ ዶማ ይዛችሁ ድረሱልኝ። እባካችሁ።

በር ተንኳኳ።

ቄሳችን ናቸው! ከንግሡ ቀጥታ፣ ከነጥምጣማቸው፣ ዶማ ተሸክመው።

"አባ፣ በዓል አይደለም እንዴ?"

"ሙት መቅበር በዓል አይሽርም። ጀንበር አትጠብቅህም፣ ያን ስልክ ጣለውና ተነስ!"

ጋሽ ይርጋ፣ እየመጣን ነው። ሰንበት ሰላም፣ ጋሽዬ።