አባቴ በጥርሱ የሰማበት ቀን

ባለፈው ሰሞን ሐኪሙ ጆሮዬን ሲመረምር አንድ የሚነዝር ብረት ከጆሮዬ ጀርባ አጥንቱ ላይ አስደገፈው። ንዝረቱ ጥርሴ ድረስ ዘለቀ። ደክሞኝ ስለነበር ይሁን እንጃ፣ «ይሰማዎታል?» ሲለኝ መልስ ከመስጠቴ በፊት አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ በጃንሆይ ጊዜ ነቀምት በቤተ ክርስቲያናችን መዝሙር መሪ ነበር። ጆሮው እየደከመ ሲመጣ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ሄድን፤ እኔን ያስከተለኝ እንድሰማለት ነው። ሐኪሙ መድኃኒት የለውም አለ። ይህን መንገር የእኔ ፈንታ ሆነና ጆሮው ሥር ጮኼ ነገርኩት፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሰማ። ልጅ ድካም አያውቅም የሚሉ ሰዎች ያን ቀን አላዩኝም።

አውቶቡሳችን የሚነሳው በማግስቱ ስለነበር፣ ቃል በገባልኝ መሠረት ሰው ዕቃውን እየነካካ ወደሚያይበት የሳይንስ አዳራሽ ወሰደኝ። አዳራሹ አዲስ ቀለምና የጋለ አምፖል ይሸታል። ነጭ ጋዎን የለበሰ ተማሪ፣ ጆሯችንን ደፍነን ከሙዚቃ ሣጥን ጋር የተያያዘች የእንጨት ዘንግ በጥርሳችን እንድንነክስ ነገረን። ስነክሳት ሙዚቃው ጭንቅላቴ ውስጥ ጮኸ። አባቴም ነከሰ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ተሰላፊው እስኪያጉረመርም ድረስ አልለቅ አለ። በመጨረሻ ማሽኑ የት እንደሚሸጥ ጠየቀ።

ተማሪው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ማሽኑ አይደለም በያቸው፤ የሚሰማው የራሳቸው አጥንት ነው» አለኝ።

ስንመለስ አውቶቡሱ መንገድ ላይ ባለችው አኖ ከተማ ለምሳ ቆመ። ሞተሩ ጠፋ፤ ሰዉ ሁሉ ወረደ። አባቴ ጎንበስ ብሎ አገጬን አናቱ ላይ አስደገፈው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እስቲ ዘምሪ።»

አቧራው ጉሮሮዬን አንቆታል፤ እንቅልፍም ይዞኛል። ቢሆንም ጆሮው ደህና ሳለ ያስተማረኝን መዝሙር ዘመርኩለት። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስደርስ እጄን ያዘኝ።

«እዚህ ጋ ይነሳል እንዴ? እኔኮ ዝቅ ነው የማደርገው።» «ታዲያ ሰዎቹ ለምን ዝም አሉኝ?» አለ።

እኛ ዘንድ ታላቅ ሰው መዝሙር ሲያወጣ ይከተሉታል እንጂ አያርሙትም። ጉባኤው ከእሱ ጋር ዝቅ ማለት ከጀመረ ዓመታት አልፈው ነበር።

በቀጣዩ እሑድ መሪነቱን ለአንድ ወጣት አስረክቦ ከኋላ ተቀመጠ። ወጣቱ ያንኑ መዝሙር በትክክል አወጣው። ያ ቦታ ሲደርስ ግን ብቻውን ከፍ አለ፤ ጉባኤው ሁሉ እንደ አባቴ ዝቅ ብሎ ዘመረ። እኔም አብሬ ዝቅ አልኩ። አባቴ አፋችንን ብቻ ያይ ነበር።

ስንወጣ፣ «አሁን አስተካክለው ዘመሩት?» አለኝ።

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅኩለት።

«ተመስገን» አለና ባርኔጣውን አደረገ።