የታጠበ አፍ

ጃግሩቲ ሰውየውን በር ላይ ስታየው በረጅሙ ተነፈሰች። የኒም ቅጠል ሽታው ቀድሞት ገብቷል። «ዛሬም አፉን ታጥቦ መጣልኝ!»

እሷ በሕንዷ ብሃቭናጋር ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል የካንሰር ክፍል ለጥናት የሕሙማንን ምራቅ የምትሰበስብ ነርስ ናት። በአፍና በጉሮሮ ካንሰር የአፍ ተሕዋስያን እጅ ይኑርበት አይኑርበት የሚታወቀው ካልታጠበ አፍ ነው።

ሰውየው ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጥርሱ በሚታኘክ ትምባሆ የቀላ ሽማግሌ ነው። አግዳሚው ባዶ ሆኖ ሳለ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ አፉን በመሐረብ ይሸፍናል፤ ከቤቱ ካመጣት ኩባያ በቀር በሌላ ውሃ አይጠጣም።

«አባባ፣ ስንቴ ልንገርዎ? ጠዋት አፍዎን አይንኩ አላልኩም?»

«ብለሻል፣ ልጄ።»

«ታዲያ ምን ነካዎ? ምራቅ እንጂ ሽቶ አምጡ አልተባሉም!»

«በዚህ አፌ አውቶቡስ ልሳፈር? ሰው ላይ ቢጋባስ?»

«ማነው ይጋባል ያለዎት?»

«ተሕዋስ ነው አላችሁኝ፤ ለሚስቴ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ መኝታዬ በረንዳ ላይ ነው። የልጅ ልጄንም አታስነካኝም።»

ጃግሩቲ ንዴቷ ባይበርድም በማን ላይ እንደምታወርደው ግራ ገባት። «ኧረ አይጋባም! ተሕዋስ በኔም አፍ፣ በሚስትዎም አፍ ሞልቷል። ካንሰር ደግሞ አብሮ በመብላት፣ በመሳሳም አይተላለፍም። ዛሬውኑ ይንገሯት!»

«ከኔ አፍ የወጣውንማ መቼ ታምናለች? አንቺው ንገሪልኝ።»

ደወለና፣ ስልኩ እየጠራ፣ መናገሪያውን በመሐረቡ ይፈትገው ጀመር።

«ኧረ ይተዉት፣ አይጥረጉት!» ብላ ከእጁ ነጠቀችው።