የልብስ ሰፊው ቀኝና ግራ

በሰፈሩ የተወራው እንዲህ ነበር፤ ልብስ ሰፊው በስተርጅና ልቡ ሸፍቷል። ስድሳን ከዘለለ በኋላ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ምንም ያልቀረው ቀይ የስፖርት መኪና ገዝቷል። በሳምንት ሦስት ቀን ሱቁን እየዘጋ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገች፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ያወረደች አንዲት ቀጭን ወጣት ያንሸራሽራል። ወሬውን የለቀቀችው ከሱቁ ፊት ለፊት ሳሙናና ባትሪ የምትሸጠው ባለሱቅ ናት። ሰፈሩ ከገባች ገና አራት ወሯ ነው፤ ግን ለወሬ አራት ወር መች አነሰው? ሴትየዋ ያላየችውን አታወራም፤ ያየችውን ግን እንደ ሊጥ እያሸች ታሳድገዋለች። «ወገቧ በእፍኝ ይገባል!» አለች። «ሚስቱስ?» ብሎ የጠየቀ ሲመጣ ደግሞ፣ «እሷማ አልጋ ላይ ናት አሉ፣ ምስኪን» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ነው። ጨምረን ስናየው፣ ሰውዬው መኪናዋን አልገዛትም። ሙዚቀኛ የነበረው ታላቅ ወንድሙ ሳያገባ፣ ሳይወልድ፣ መኪናዋንም ሳያስጠግን ሞተና እሱ ወረሳት። ቀጭኗ ወጣት ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው የኖረች ሚስቱ ናት። ወገቧን በእፍኝ ያስገባው ወጣትነት ሳይሆን ኩላሊቷ ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሐኪም ቤት አራት አራት ሰዓት ተኝታ ደሟን በመሣሪያ ታሳጥባለች። መነጽሩ ስትወጣ ብርሃኑ ስለሚወጋት ነው። ሽርሽር የተባለው ይኸው ነው፤ የሚቀናበት ካለ ተራውን ይያዝ።

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ «ጋሽ መርፌ» ይለዋል። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ነው፤ ደግሞም ሲወጋ ድምፅ ስለማያሰማ። መኪናዋን አንድም ቀን ወዷት አያውቅም። ሚስቱን ከዚያ ወንበር ማውጣት ከጉድጓድ ውሃ መቅዳት ነው፤ አጎንብሶ፣ በብብቷ ይዞ፣ ትንፋሹን ቆጥቦ ይስባታል። እሷም በየጊዜው፣ «ወንድምህ ያወረሰህ መኪና ነው ወይስ መቃብር?» ትለዋለች። ሌላ መኪና ግን የላቸውም።

ችግሩ የመጣው በጋው ሲከር ነው። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ለሳምንት ተሰማ። ከዚያ ድምፁ ዝም አለና በእሷ በኩል ያለው አየር ማውጫ እሳት ብቻ ይተፋ ጀመር። በእሱ በኩል ነፋሻ ሰገነት፣ በእሷ በኩል ምድጃ። ቢያጠፉትም ያው ነው፤ የሆነ ነገር ተከፍቶ ስለቀረ የሞተሩ ሙቀት ሾልኮ ጉልበቷን ይጠብሳታል። መስኮቱን ሲከፍቱ ደግሞ የመንገዱ ጭስና ወላፈን ሳይጋበዝ ይገባል።

ያን ረቡዕ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ጋሽ መርፌ ስለ አንድ ደንበኛው እያወራት ነበር። ሰውዬው በየሁለት ወሩ አንዱን ሱሪ ወገቡን አስፋልኝ ብሎ ያመጣል፤ በመጣ ቁጥርም «ሲታጠብ ጠቦብኝ ነው» ይላል። «እኔ ደግሞ፣» አለ ጋሽ መርፌ፣ «በየትኛው ውሃ ነው የምታጥበው? ሆድህንም ብታጥብበት ይጠብ ነበር አልኩት።» ሁለት ሰፈር እስኪያልፉ አወራት። እሚሳቅበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሳቅ የለም። የትራፊክ መብራቱ ይዞት ዞር ቢል፣ አንገቷ ወደ በሩ ተሰብሯል፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ተኝታ አልነበረም፤ ራሷን ስታለች። መኪናዋን አዙሮ እንዴት ሐኪም ቤት እንደተመለሰ ዛሬም ቢጠይቁት አያስታውስም።

ነርሷ ሚስቱን ካነቃቻት በኋላ እንደ ልጅ ተቆጣችው። «ከእጥበት በኋላ የደም ግፊቷ ይወርዳል፤ ሙቀት አይሆናትም አላልንም?»

«ብላችኋል» አለ። የቆጨው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ ማንም ሳይሰማው ስለ ሱሪ ሲያወራ መምጣቱ።

በማግስቱ መኪናዋን መካኒክ ዘንድ ወሰዳት። መካኒኩ በዕድሜ ልጁ ይሆናል፤ አነጋገሩ ግን የሐኪም ነው። ጭንቅላቱን ከዳሽቦርዱ ስር ከትቶ፣ አዳምጦ፣ ወጣ።

«ጋሼ፣ ከዚህ ጀርባ የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ሁለት ሞተሮች አሉ። አንዱ የእርስዎ፣ አንዱ የእትዬ። ሙቁንና ቀዝቃዛውን አየር የምትለየውን በር ከፍተው የሚዘጉት እነሱ ናቸው። የእትዬው ጥርሱ አልቋል።»

«ጥርስማ እኔም አልቆብኛል። ሥራ መች አቆምኩ?»

«ሞተሩ ቀላል ነው፤ እሱ ጋ መድረሱ ነው መከራው። የዳሽቦርዱ ግማሽ ይወርዳል። ወረፋም አለብኝ፤ ሁለት ሳምንት ይተዉልኝ።»

«ሁለት ሳምንት ማለት ስድስት እጥበት ነው።»

«ታክሲ አለ አይደል እንዴ?»

«ሞክረነዋል። አስመለሳትና ባለታክሲው መሃል መንገድ ላይ አወረደን።»

መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መኪናዋንና ሰውዬውን አፈራርቆ አያቸው። «እንግዲያው ራስዎ ይፍቱት። ኮት በትነው መልሰው ይሰፉ የለ? ያው ነው። ባትሪውን አስቀድመው ይንቀሉ፤ እንቢ ያለዎትን አያስገድዱ፤ የፈቱትን ሁሉ ከየት እንደፈቱት ይጻፉ። ሲከፍቱት ደግሞ ሁለቱንም ይቀይሩ። አንዱ ከሞተ ሌላው መከተሉ አይቀርም።»

ያለውን ራሱ ሰማና ምላሱን ነከሰ። «ሞተሩን ማለቴ ነው፣ ጋሼ።»

«ገብቶኛል» አለ ጋሽ መርፌና ሁለት አዳዲስ ሞተሮች ከእሱ ገዝቶ ሄደ።

ዓርብን በበረዶ አሳለፉት፤ በፎጣ ጠቅልሎ አንገቷ ስር አደረገላትና ቤት ሲደርሱ ፎጣውም እሷም ረስርሰው ነበር። እንዲህ አይነቱ ነገር ሁለቴ አይደገምም። ከቅዳሜ ጠዋት እስከ እሑድ ማታ ጊዜ አለው፤ ሰኞ ቀዝቃዛው አየር እሷ ጋ መድረስ አለበት። አለቀ።

ቅዳሜ መኪናዋን ከሱቁ በር አስጠግቶ ባትሪዋን ነቀለ። መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ነጭ አቡጀዲ ዘረጋ። የፈታትን እያንዳንዷን ብሎን፣ መካኒኮች ቪቴ የሚሏትን፣ እዚያ ላይ አስቀምጦ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ከቧት ስሟን ይጽፍላታል፤ «ከሬዲዮው ስር»፣ «ከሳጥኑ ላይ፣ አጭሯ»፣ «ያላገጠችብኝ»። እስከ ረፋድ ድረስ አቡጀዲው የጦር ካርታ መሰለ። እሱ ደግሞ በጀርባው ተንጋሎ፣ ራሱ ከዳሽቦርዱ ስር፣ እግሩ አስፋልቱ ላይ ሆኖ ቀረ።

ባለሱቋ ይህን እግር አይታ ማለፍ አልቻለችም።

«ጋሽ መርፌ፣ ለወጣቷ እያሳመርክላት ነው?»

«አዎ» አለ ከውስጥ። «ወጣቷ ሙቀት አትወድም።»

«ሚስትህስ ታውቃለች?»

«አሁን ሻይ ይዛ ትመጣለች፤ ራስሽ ጠይቂያት።»

ሚስቱ መነጽሯን አድርጋ፣ ሻሿን አውርዳ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ቀስ እያለች ወጣች። ባለሱቋ ሻዩን አየች፤ መነጽሩን አየች፤ ወገቧን አየች። «ደንበኛ ጠራኝ» ብላ ሄደች። ሱቋ ውስጥ ዝንብም አልነበረም።

«ምን ሆና ነው?» አለች ሚስቱ።

«ባል ልትነጥቂ መጣሽ ወይ ብላ ልትጠይቅሽ ነበር፤ አንቺን ስታይ ግራ ገባት።»

«የማንን ባል?»

«የአንቺን። ከአንቺ ልታስጥልልሽ።»

ሚስቱ ትንሽ አሰበችበትና መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ገፋ አደረገች። «ወጣት መሰልኩ ማለት ነው? አይ በሽታ፣ ይኸንንም ውለታ ዋለልኝ!»

ሥራው ግን ቀልድ አልነበረም። መጨረሻዎቹ ቪቴዎች ያሉበት ጉድጓድ ዓይን አያስገባም፤ ሦስት ጣት ብቻ ነው የሚያስገባው። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ጫፍ አየ። ቪቴዋ ወደ ውስጥ ወድቃ እንዳትጠፋ አንገቷ ላይ ክር አሰረላት፤ ይህን መካኒኩም አያውቀውም። ትከሻው ተቃጠለ፣ ወገቡ ደነዘዘ፣ ክንዱ በፕላስቲኩ ጠርዝ ተጫረ። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም አሮጌ ሞተሮች እጁ ገቡ። በዚህን ጊዜ ነው፣ ሞተሮቹ የሚሰኩባቸው ሁለቱ የሽቦ ስፒናዎች ተመሳስለው ስንዝር ተራርቀው ተንጠልጥለው ስላያቸው፣ እንዳይምታቱበት ጠመኔውን አውጥቶ ቀኝና ግራ ብሎ የጻፈባቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ልብስ ሰፊ ምልክት የሚያደርገው በጨርቁ ግልባጭ ነው። ከውስጥ ሲያዩት ግራ የሆነው እጅጌ፣ ኮቱ ሲገለበጥ ቀኝ ይሆናል። ጋሽ መርፌ አርባ ዓመት እንዲህ ስለቆረጠ፣ ከሆዱ በኩል ያየውን ነገር ሁሉ እጁ ባለቤቱን ሳያማክር ይገለብጠዋል። ስፒናዎቹንም ያያቸው ከሆዳቸው በኩል ነው። እጁ የግራውን «ቀኝ»፣ የቀኙን «ግራ» አለው። እሱ አላወቀም። እኛ አውቀናል፤ ለጊዜው ዝም እንበል።

እሑድ አዲሶቹን ሞተሮች በቦታቸው አስሮ፣ ስፒናዎቹን በጽሑፋቸው መሠረት ሰካና መዝጋት ጀመረ። አቡጀዲው ከዳር ወደ መሃል እየተራቆተ ሄደ። አሥር ሰዓት ላይ አንዲትም ቪቴ ሳትተርፍ ጨረሰ። ባዶውን ጨርቅ ቆሞ አየው። የሚደሰትበት አቅም ቢኖረው ኖሮ ይደሰት ነበር።

«ግቢ እስቲ፣ እሜቴ።»

ደግፎ አስቀመጣት። ባትሪውን መልሶ ሞተሩን አስነሳ፤ የእሷን ማዞሪያ ወደ ሰማያዊው አዞረ፤ ሲፈታ ወደ ቀዩ ዞሮ የቀረውን የራሱን ልብ አላለውም። መዳፏን አየር ማውጫው ላይ ዘረጋች።

«ሞቅ ያለ ነው» አለች።

«ይቆይ። ገና መነሳቱ ነው።»

«አሁን ትኩስ ሆነ።»

ቀዝቃዛ አየር የእሱን አንገት እየላሰ ነበር። እጁን ከመሪው ላይ አውርዶ ጭኑ ላይ ጣለው። ሁለት ቀን። ጀርባው እንደ አሮጌ በር ሲንቋቋ ተሰማው። ነገ ሰኞ ነው።

«ያንተን ንካው እስቲ» አለች ሚስቱ።

«የኔማ ይሠራል።»

«ንካው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!»

ወደ ሰማያዊው አዞረው። በእሷ በኩል ያለው አየር ማውጫ እንደ ማስነጠስ አደረገውና ቀዝቃዛ ይነፍስ ጀመር። የሻሿ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። የሷን ማዞሪያ ወደ ቀዩ ስትመልሰው የሱ ፊት ሞቀ።

«ያንተ የኔን ያዛል፤ የኔ ያንተን» አለች።

ጋሽ መርፌ ዳሽቦርዱን አፍጥጦ አየው፤ ከዚያ እጁን። «ገልብጬ ጻፍኩት» አለ። «እንደ ኮት።»

ሚስቱ ሳቀች። ከስንት ወር በኋላ የጎን አጥንቷን ይዛ ሳቀች። «አርባ ዓመት ኮት ስትሰፋ አንድ ሰው ሳይስቅብህ፣ መኪና ገልብጠህ ሰፋህ!»

«እፈታዋለሁ።»

«መቼ?»

«አሁን።» ሊነሳ ሲል ወገቡ እንቢ አለው፤ ግማሽ ድረስ ተነስቶ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ተወው» አለች፣ ሳቋን ውጣ። «ደክሞሃል። እኔም ደክሞኛል። ይቀዘቅዝ የለ?»

ሰኞ ሲሄዱ ተጫወቱበት። «በርዶሃል?» እያለች የሷን ታዞርለታለች፤ «አንቺስ?» እያለ የሱን ያዞርላታል። ሲመለሱ ግን ጨዋታ አልነበረም። እጥበቱ አሟጧት ነበር። ወንበሩ ላይ ሲያወርዳት መርፌ የተወጋው፣ በፋሻ የታሰረው ግራ እጇ በመሃል ወድቆ ማዞሪያዋን እስከ ቀዩ ጥግ ወሰደውና እዚያው ላይ ዐረፈ። እሱ የራሱን ወደ ሰማያዊው አዞረ። ወደ እሷ ቀዝቃዛው፣ ወደ እሱ ምድጃው ተለቀቀ። እጇን ማንሳት ይችል ነበር፤ ደሟ የሚቀዳበትን ያን እጅ ግን ያለ ምክንያት አይነኩትም። እንደዚያው ነዳ። ላቡ ከቅንድቡ ወደ ዓይኑ ገባ።

«ያ ሰውዬ ሱሪውን ይዞ ተመልሶ መጣ» አላት። «አሁንም ታጥቦ ጠቦበት።»

ያው የትራፊክ መብራት ያዘው፤ ያው ቀይ። ዞር አለ። አንገቷ እንደዚያን ቀን ወደ በሩ ዘንበል ብሏል። የእጁን ጀርባ አፍንጫዋ ስር አስጠጋ፤ ትንፋሽ አለ። ጉንጯ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ ከንፈሯ የከንፈር መልክ አለው። ከዚያ ቀጭን ማንኮራፋት ሰማ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት «እኔ አላንኮራፋም» ስትለው የኖረችው።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያለው ጥሩምባውን ነፋበት። ጋሽ መርፌ ላቡን በእጅጌው ጠረገና ማርሹን አስገባ።

«ቅዳሜ ልፍታው፣ እሜቴ፣ ወይስ እንዲሁ ይቅር?» አለ።