«ሪያዲያት» ማለት ሲገባኝ

ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻው ዓመት ላይ አንድ መምህራችን «ሒሳብ የተማረ ሰው ሥራ አያጣም» እያሉ በጣታቸው ይቆጥሩልን ነበር። ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ ስታቲስቲክስ፣ የአየር ትንበያ፣ ኮምፒውተር፣ ሲያንስ ሲያንስ ደግሞ ማስተማር። እኔ ከዚያ ሁሉ የምፈልገው ያቺን «ሲያንስ ሲያንስ» ያሏትን ነበር። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት መቆም፣ በቃ። ግን በፖለቲካ ጣጣ ካርቱም የገባሁት ልብሴን እንኳ ሳልሸክፍ ስለነበር፣ ዲግሪዬ ሬጅስትራር ቢሮ እንደተቀመጠ ቀረ።

ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ካርቱም ሃያ ዓመት የኖሩ ያገሬ ሴት ነበሩ፤ እትዬ ነበር የምላቸው። አንድ ቀን ልብስ እያሰጡ «ሥራ ስትጠይቅ ምን ተማርኩ ትላለህ?» አሉኝ።

«ሒሳብ እላለሁ።»

«ወይ አንተ ልጅ! ሒሳብ ካልክማ ካፌ ውስጥ ካሸር ነው የሚያደርጉህ። እዚህ አገር ሒሳብ ማለት ቢል ነው።»

እውነታቸውን ነው፤ ዐማራት ሰፈር ካሉት ካፌዎች ሁለቱ ለዚሁ ጠርተውኝ ነበር። እኔ እኮ የምበግነው ለምን አስተማሪነት አይሰጡኝም ብዬ ነበር።

«ዐረብኛው ሪያዲያት ነው» አሉ እትዬ። «ሪ፣ ያ፣ ዲ፣ ያት። ያዝክ?»

«ያዝኩ፣ እትዬ።»

ምኑን ያዝኩት! ቃሉን እንዳለ አንጠልጥዬ ብሄድ ምን ነበረበት? የለም፣ እኔ የተማርኩ ሰው ነኛ፤ መመራመር አለብኝ። የስደተኛ መታወቂያ ለማውጣት ወረፋ ላይ ተቀምጬ ማሰላሰል ጀመርኩ። ቃል ሲበዛ ቃላት፣ ዓመት ሲበዛ ዓመታት። እንግዲህ ሪያዲያትም ብዙ ነው ማለት ነው፤ የኔ ዲግሪ ግን አንድ ነው። በዚያ ላይ ከእትዬ ሬዲዮ «ሪያዳ» የሚል ቃል በየቀኑ እሰማለሁ። ነጠላው ይሄ ነው ብዬ ደመደምኩ። እንዲህ ያለ መደምደሚያ ፈተና ላይ ብጽፍ ኖሮ መምህራችን ዜሮ ይሰጡኝ ነበር።

ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊው ቀና ሳይል ሙያዬን ጠየቀኝ። ደረቴን ነፍቼ «ሙደሪስ ሪያዳ» አልኩ። የሪያዳ መምህር።

ቀና አለ። ፊቱ በራ። «ሐበሺ! ማሻአላህ!» አለና እግሬን አየት አድርጎ ጻፈ። እኔ ሞኙ፣ ለሒሳብ ክብር ያለው ሰው አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። የዐረብኛ ፊደል ስለማላነብ ካርዱን ሸሚዜ ኪስ ከትቼ፣ ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ተሳፍሬ እየተኩራራሁ ቤቴ ገባሁ።

ዐማራት ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት በዚያው ሳምንት ተቀበለኝ። ርዕሰ መምህሯ ካርዴን አነበቡ፣ እንደ ጸሐፊው እግሬን አዩ፣ ፊሽካና ኳስ ሰጡኝ። ማለዳ ልጆች የመጠበቅ ተራ ይሆናል ብዬ ተቀበልኩ። በሁለተኛውም ቀን ፊሽካ። በሦስተኛው ቀን ርዕሰ መምህሯን «ያ ሙዲራ፣ ክፍሌ የትኛው ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ በእጃቸው ሜዳውን አሳዩኝ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ካርዱን ሲያነቡልኝ መቀመጫ ፈልገው ተቀመጡ። «የስፖርት መምህር! ሪያዳ እኮ ስፖርት ነው፣ አንተ!» እንባቸው እስኪፈስ ሳቁብኝ። «ሐበሻ ሲሆን ደግሞ ማን ይጠራጠራል? ሁላችንም ሯጭ ነን!» እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ትምህርት ቤት ሳለሁ በሩጫ መጨረሻ የምወጣ፣ ኳስ ሲመጣ ፊቴን የምሸፍን ሰው ነበርኩ። ግን ሌላ ሥራ የለ፤ በነጋታው ፊሽካዬን ይዤ ተመለስኩ።

ከሁሉ የሚያቃጥለው የሒሳብ ክፍሉ መስኮት ወደ ሜዳው መከፈቱ ነበር። ፀሐዩ አናቴን እየጠበሰኝ የሒሳብ መምህሩን እሰማለሁ። አንድ ቀን ግማሽ ሲደመር ሲሶ ሁለት አምስተኛ ነው ብሎ እርፍ! አላስቻለኝም፤ መስኮቱን ይዤ «ላ! ላ! ስህተት ነው!» ብዬ ጮህኩ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። መምህሩ «ያ ኮች፣ ኳስህ እየተንከባለለች ነው» አለኝ። ዞር ስል እውነትም ኳሷ ወደ በሩ እየሄደች ነው። ሮጬ ያዝኳት። ንዴቴን የማወጣበት እንኳ አጣሁ።

ያው መምህር ብዙ ሳይቆይ ሥራ ለቆ ወደ አንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ሄደ። ርዕሰ መምህሯ «የሪያዲያት መምህር የሆነ የምታውቀው ሰው አለ?» ብለው እኔኑ ጠየቁኝ። «እኔ ነኝ!» አልኩ። በተሰባበረ ዐረብኛዬ ስለ ቃላትና ስለ ዓመታት፣ ስለ ነጠላና ስለ ብዙ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና «እንግዲያው ዲግሪህን አምጣ» አሉ። ለሩጫው የጠየቁኝ ወረቀት አልነበረም፤ ቀጭን እግሬ በቂ ነበር።

እህቴ አገር ቤት ሁለት ወር ሙሉ ተንከራተተች። ሬጅስትራሩ «ባለቤቱ ራሱ ይምጣ» ይላታል። ባለቤቱ ቢመጣ የሚጠብቀው እስር ቤት መሆኑን እንዴት ትንገረው? ውክልና አምጪ፣ ማኅተም አስመቺ፣ ሰውየው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ተመለሺ። እሷ ስትደውል ታለቅሳለች፣ እኔ ባዶ ግድግዳ ላይ እጮሃለሁ። ርዕሰ መምህሯን ባገኘኋቸው ቁጥር «ኢንሻአላህ በዚህ ሳምንት» እላለሁ፤ እሳቸውም «ኢንሻአላህ» ይላሉ። በመጨረሻ እህቴ ዲግሪውን እጇ አስገብታ ፎቶውን በስልክ ላከችልኝ። ሐጅ ዩሱፍ ገበያ ወርጄ በወፍራም ወረቀት አሳተምኩት። ሸሚዜንም አስተኮስኩ።

ርዕሰ መምህሯ መነጽራቸውን አድርገው እስከ ታች አነበቡት። «ወላሂ እውነትህን ነው፤ ሪያዲያት ነው» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ክፍት ቦታው ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሰው መሰጠቱን ነገሩኝ። ሁለት ወር መጠበቃቸውንም ነገሩኝ፤ ውሸት አይደለም፣ ጠብቀውኛል። ከዚያ ወረቀቱን አራት ቦታ አጣጥፈው መለሱልኝ።

«ያ ኡስታዝ፣ ይህን ለማንም አታሳይ» አሉ። «የትምህርት ቢሮ ሰዎች ስፖርት እንዳልተማርክ ካወቁ ሜዳውንም ትለቃለህ።»

«ሐዲር» አልኩ። እሺ ማለት ነው። መጮህ ሲገባኝ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ መልሼ መዘርጋት ሲገባኝ፣ እሺ አልኩ! ዲግሪዬን ከተተኮሰው ሸሚዜ ሥር ሸጉጬ፣ ማንም እንዳያየው እየፈራሁ ወጣሁ።

እህቴ መጠበቅ አልቻለችም፣ ገና በር ላይ ሳለሁ ደወለች።

«አሳየሃቸው? ምን አሉ?»

«አጣጥፈህ ያዘው አሉኝ።»

«እንዳይጠፋብህ ብለው ነዋ!» አለች በደስታ። «ጥሩ ሴትዮ ናቸው።»

«አዎ፣ ጥሩ ናቸው» አልኳት።